በሐምሌ ማን ይጠይቃል?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ፤ ከጎንደር

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ እስረኛ ስለ መጠየቅ የሚያነሡ ሆነው ስላገኘናቸው አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረን ያተምናቸው ሲሆን፣ የጸሐፊዎቹን ስም በፈቃዳቸው አላወጣንም።

ጥያቄ፦ «በአዘዞ የምንኖር 14 የቅዱስ ገብርኤል ማኅበርተኞች ነን። ባለፈው ፋሲካ ገንዘብ አዋጥተን በሬ ጣልን፤ እንጀራና ድፎ ዳቦ ጋግረንም ወደ ማረሚያ ቤት ወሰድን። ታራሚዎቹ ተሰልፈው ስናድል፣ ከአስተዳደሩ አስፈቅዶ ካሜራ ይዞ የገባ አንድ ልጃችን ፎቶ ያነሣ ነበር። በዚህ መካከል አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው ሳህናቸውን እንደያዙ ከሰልፉ ወጥተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ማኅበርተኞቼ ‹ቃሉን ፈጸምን› ብለው ደስ ብሏቸው ተመለሱ፤ እኔን ግን ነገሩ ከልቤ አልወጣ አለ። ምን አጥፍተን ይሆን?»

መልስ፦ እኅቴ፣ ላቡን አፍስሶ ያበላን ሰው ጥፋተኛ ለማለት አልደፍርም። ይሁን እንጂ እኒያ አባት ፊታቸውን ለምን እንዳዞሩ ይገባኛል። ምናልባት እርሳቸው መታሰራቸውን ያልሰማ የልጅ ልጅ አላቸው፤ ምናልባትም በአገራቸው ሌላውን የሚያበሉ ባለ ሞሰብ ነበሩ። የታሰረ ሰው ጊዜውም፣ በሩም፣ የሚተኛበት ስፋትም በሌላ ሰው እጅ ነው፤ ፊቱ ብቻ የራሱ ሆኖ ይቀርለታል። ስለዚህ ካሜራውን ከእንግዲህ ቤት አስቀምጡት። ለማኅበሩ አባላት ማስረጃ ካስፈለገ ደረሰኝ ይበቃል።

ወንድሜ ታስሮ በነበረበት ዘመን አራት ዓመት ያህል ስንቅ አመላልሼ ስለነበር ከበሩ በዚህ በኩል ያለውን ነገር አውቀዋለሁ። ፈታሿ የወጡን ክዳን ከፍታ በማንኪያ ታማስለዋለች፣ እንጀራውን እያንዳንዱን ትገልጠዋለች፣ ዳቦውን ትሰነጥቀዋለች፤ ከዚያ በኋላ «ቅመሺው» ትላለች። ያመጣሽው ነገር የሚጎዳ አለመሆኑን በአፍሽ ማረጋገጥ አለብሽና። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ጥዋት ነው የሚያስቀምሱን። እስከ ስድስት ሰዓት እጾማለሁ ብዬ የወጣሁት ሴትዮ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሽሮ ስቀምስ ሕሊናዬን ከበደኝና የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። «ቅመሺ፤ እሱንም ከጾምሽ ቁጠሪው» አሉኝ። ይህን የማወጋዎት እስረኛ መጠየቅ ከመስጠት ይልቅ መጠበቅ፣ መፈተሽና መመላለስ የበዛበት ሥራ መሆኑን ማኅበርተኞችዎ አስቀድመው እንዲያውቁት ነው።

ዋናው ምክሬ ግን ስለ ቀኑ ነው። ለፋሲካ፣ ለእንቁጣጣሽና ለጥምቀት ሁሉም ይመጣል፤ በእነዚያ ቀናት የማረሚያ ቤቱ በር ከገበያ አይለይም፤ የተረፈው ወጥም በማግሥቱ ይበላሻል። በሐምሌ፣ ዝናቡ ከጥዋት ጀምሮ ሲወርድ፣ ከገጠር የሚመጣ ዘመድም በእርሻ ሥራ ሲጠመድ፣ ያ በር ጭር ይላል። 14 ሰዎች ካላችሁ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ብትሄዱ ለአንዱ ሰው ተራው የሚደርሰው በሰባት ሳምንት አንዴ ነው። ይህ ለማንም አይከብድም፤ ለታራሚው ግን ዓመቱን ሙሉ የሚጠይቀው ሰው አለ ማለት ነው። የበሬው ገንዘብ በ12 ወር ቢከፋፈል ምን ያህል ሳሙና እንደሚገዛ እናንተው አስሉት።

ማንን እንጠይቅ ለሚለው፣ የጎንደር ተወላጅ የሆነ ታራሚ እናት ወይም እኅት አታጣውም። ከመተማ፣ ከቋራ፣ ከጠገዴ ወይም ከሌላ ክልል መጥቶ የታሰረው ሰው ግን ዘመዶቹ የመኪና ኪራይ እንኳ አጥተው ዓመት ሙሉ ስሙ በጠያቂ ላይጠራ ይችላል። ለአስተዳደሩ በጽሑፍ ስታመለክቱ «ጠያቂ የሌላቸውን ብታገናኙን» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያም ተመሳሳይ ሰው ተመሳሳይ ታራሚ ይጠይቅ፤ በየጊዜው አዲስ ፊት የሚመጣበት ሰው ታሪኩን ከመጀመሪያው መናገር ይሰለቸዋል። «ምን አድርገህ ታሰርክ?» ብላችሁ ግን አትጠይቁ። ያ የዳኛው ጥያቄ ነበር፤ መልስም አግኝቷል። ታራሚው ራሱ ሊያወጋችሁ ሲፈልግ ያወጋችኋል።

በማቴዎስ ወንጌል 25ኛ ምዕራፍ ላይ ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ ነገር አለ፤ ሊቃውንቱ ይፍረዱኝ። ለተራበው «አብልታችሁኛል»፣ ለተጠማው «አጠጥታችሁኛል»፣ ለታረዘው «አልብሳችሁኛል» ይላል። ለታሰረው ሲደርስ ግን «ታስሬ ወደ እኔ መጥታችኋልና» ብቻ ነው፤ ምን ይዛችሁ መጣችሁ አላለም።

ባዶ እጅ ሂዱ ማለቴ ግን አይደለም። የሚበላ ከሆነ የሚቆይ ነገር ይሻላል፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ። ወጥ ለዕለቱ ነው። ሳሙና፣ ኦሞ፣ የውስጥ ልብስና ነጠላ ጫማ ሁልጊዜ ያስፈልጋሉ። ሴቶቹን አትርሱ፤ ቁጥራቸው ከወንዶቹ ስለሚያንስ በጅምላ የሚገባው ዕርዳታ ሁሉ ለወንድ የታሰበ ሆኖ ያልፋቸዋል። ሞዴስ ይፈልጋሉ፤ አንዳንዶቹም ከሕፃን ልጃቸው ጋር ስለሚኖሩ ወተትና የልጅ ልብስ ያስፈልጋቸዋል። ሽመና ለሚሠሩት ታራሚዎች ድርና ማግ ብትገዙላቸው፣ የሠሩትንም ብትገዟቸው፣ ምጽዋት ከመቀበል ሠርቶ ማግኘትን ለሚመርጥ ሰው ትልቅ ነገር ነው። እኔ ዛሬ የምለብሰው ጋቢ ከዚያ የወጣ ነው፤ ጥለቱ ትንሽ ጠመም ቢልም ሙቀቱ ሌላ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ የንባብ መነጽር። ከወንድሜ ጋር በአንድ ክፍል የነበሩ አንድ ሽማግሌ ዳዊታቸውን በየጥዋቱ ገልጠው ይደግሙ ነበር። ዓይናቸው ደክሞ ፊደሉን ካዩት ዓመታት አልፈው ነበርና በቃላቸው እየደገሙ፣ ጣታቸው ብቻ በልማድ ቅጠሉን ይገልጥ ነበር። ወንድሜ ነግሮኝ አንድ መነጽር ከገበያ ገዝቼ ላክሁ። አድርገውት ዳዊቱን በገለጡበት ቀን መጀመሪያ የተናገሩት «አንድ ቅጠል ጎድሎታል» የሚል ነበር አሉ።

መድኃኒት በራሳችሁ አትስጡ፤ በማረሚያ ቤቱ ክሊኒክ በኩል ይሂድ። የምትጠይቁት ሰው ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ካሳለው፣ ከከሳና ሌሊት ካላበው ግን ዝም አትበሉ። ብዙ ሰው በአንድ ክፍል በሚያድርበት ቦታ የሳንባ ነቀርሳ በቀላሉ ይዛመታል፤ ሕክምናው በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ የሚሰጥና ብዙውን ጊዜ ስድስት ወር የሚወስድ ስለሆነ፣ ለክሊኒኩ መናገር ታማሚውንም አብረውት የሚያድሩትንም ማትረፍ ነው።

ለጋራ ጥቅም የምታስረክቡትን ዕቃ ደግሞ በሁለት ቅጂ ዘርዝራችሁ አስፈርሙ። ይህን ማንንም ለመጠርጠር አልልም፤ የከተማችን ታሪክ ራሱ ያስተማረን ነው። በጎንደር ዘመን የነገሥታቱ ወንድሞችና ዘመዶች ዙፋን እንዳይሻሙ ወህኒ በተባለችው ገደላማ አምባ ይጋዙ ነበር፤ «ወህኒ ቤት» የምንለውም ከዚያችው አምባ ስም ነው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጎንደር የተቀመጠው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እንደጻፈው፣ ቀዳማዊ ኢያሱ በነገሠ ጊዜ ወደዚያ ሄዶ ዘመዶቹን ቢያስጠራ የተቀዳደደ ልብስ ለብሰው ቀረቡ። ለቀለባቸው የተመደበው ገቢ መንገድ ላይ ሲበላ ኖሯል። ንጉሥ ራሱ እስኪሄድ ድረስ ያልታየውን ነገር እናንተ በአንዲት ወረቀት ትከታተሉታላችሁ።

ጥያቄ፦ «ልጄ ከታሰረ ሁለት ዓመቱ ነው። የንስሐ አባታችን ገብተው ሊያዩት ፈቃደኛ ናቸው፤ ግን ይፈቀድላቸዋል? ከሁሉ የከፋው ደግሞ ልጁ ራሱ ‹ቄስ አላይም› ብሏል። እናቱ ነኝና ሌሊት እንቅልፍ የለኝም።»

መልስ፦ እናቴ፣ የመጀመሪያው ቀላል ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 21፣ በጥበቃ ሥር ያሉና በፍርድ የታሰሩ ሰዎች ከትዳር ጓደኞቻቸው፣ ከቅርብ ዘመዶቻቸው፣ ከጓደኞቻቸው፣ ከሃይማኖት አማካሪዎቻቸው፣ ከሐኪሞቻቸውና ከሕግ አማካሪዎቻቸው ጋር የመገናኘትና በእነርሱ የመጎብኘት ዕድል የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የሃይማኖት አባት በስም ተጠቅሷል ማለት ነው። አባ በጠያቂ ሰልፍ ከመቆማቸው በፊት ከሚያገለግሉበት ደብር ደብዳቤ ይዘው ለአስተዳደሩ ቢያመለክቱ፣ ቀኑና ለብቻ የሚነጋገሩበት ቦታ ይመቻችላቸዋል፤ ኑዛዜ ጠባቂ አጠገብ ቆሞ አይሆንምና።

ሁለተኛው ግን የእርስዎም የአባም ሥልጣን አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. አሻሽሎ ያወጣው፣ በኔልሰን ማንዴላ ስም የሚጠራው የእስረኞች አያያዝ ደንብ፣ ማንም እስረኛ የሃይማኖቱን አባት ከማግኘት እንዳይከለከል ካዘዘ በኋላ፣ የሃይማኖት አባት እንዲጎበኘው ያልፈለገ እስረኛ አቋሙ ሙሉ በሙሉ እንዲከበርለት ያዝዛል። በማረሚያ ቤት ውስጥ ልጅዎ እምቢ ሊላቸው የሚችላቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው። ይቺን አንዷን አይቀሙት። አባ ይምጡ፣ ነገር ግን መስቀላቸውን በኪሳቸው አድርገው፣ እንደ ጠያቂ ይምጡ። ስለ ኳስ ያውጉት፤ ስለ ሰፈሩ ያውጉት። ደጋግመው ይምጡ። ያን ጊዜ መስቀሉን ሊሳለም የሚጠይቀው ልጁ ራሱ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል።

በዚሁ አጋጣሚ፣ ከአዲስ ዓለም አንድ ወንድማችን ቀደም ሲል በቃል ለጠየቁን፦ በረመዳን የጥየቃ ሰዓት የሚያበቃው ከመግሪብ በፊት ስለሆነ ለኢፍጣር የታሰበው ምግብ እስኪመሽ የሚቆይ ይሁን። ተምር፣ ዳቦና ሳምቡሳ ከሾርባ ይመረጣሉ። ቁርኣን በአል-ኢንሳን ምዕራፍ 8ኛ አንቀጽ ምግብን እየወደዱት ለድኻ፣ ለየቲምና ለምርኮኛ የሚያበሉትን ያመሰግናል፤ የሚያበሉትም ሰው ሃይማኖቱ አልተጠየቀም። የአዘዞዎቹ ማኅበርተኞችም ይህን ልብ ይበሉት፤ በክፍሉ ውስጥ ጎን ለጎን የሚተኙት የሁለቱም እምነት ልጆች ናቸው።

ጥያቄ፦ «የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለታራሚዎች ማንበብና መጻፍ አስተምራለሁ። ባለፈው አንዱ ተማሪዬ የታጠፈ ወረቀት ‹ለሚስቴ ስጥልኝ› ብሎ በእጄ አስጨበጠኝ፤ እምቢ ለማለት አፍሬ ይዤው ወጣሁ። ሌላው ደግሞ ገንዘብ እንዳበድረው፣ ሦስተኛው በአመክሮ እንዲፈታ እንድረዳው ጠየቀኝ። ወረቀቱ እስካሁን በመጽሐፌ መካከል አለ።»

መልስ፦ ልጄ፣ ወረቀቱን አታድርሰው፤ አትክፈተውም። ቅዳሜ ስትሄድ ለሰውየው መልሰህ «በደብዳቤ መላላኪያው መንገድ ይሂድልህ፤ እኔ ባደርሰው ሁለተኛ እዚህ አልገባም» በለው። እውነት ነው፤ አትገባም። አንተ ብቻ ሳትሆን ከአንተ በኋላ የሚመጡት አስተማሪዎችም በሩ ይጠብባቸዋል። ወረቀቱ ለሚስት የተጻፈ የናፍቆት ቃል ሊሆን ይችላል፤ በፍርድ ቤት ለቆመ ምስክር የተላከ ዛቻም ሊሆን ይችላል፤ አንተ ልትለየው አትችልም። በዚህ ሥራ እምቢታ በመጀመሪያው ሳምንት ሲነገር ቀላል ነው፤ ከስድስት ወር ወዳጅነት በኋላ ግን ክህደት ይመስላል። ገንዘብም እንዲሁ ነው። ለአንዱ ካበደርክ በክፍሉ ውስጥ ያልተበደረው ሁሉ ይቆጥርብሃል፤ የተበደረውም እዳውን በማሰብ ከትምህርቱ ይቀራል።

ስለ አመክሮው በሐቅ ልትነግረው የምትችለው አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 202 መሠረት፣ ታራሚው ከተፈረደበት ጊዜ ሁለት ሦስተኛውን፣ ዕድሜ ልክ ከሆነ ደግሞ 20 ዓመት ከፈጸመ፣ በሥራውና በጠባዩ መታረሙን ካሳየ፣ ያደረሰውንም ጉዳት በሚችለው መጠን ከካሰ፣ ፍርድ ቤት በአመክሮ ሊፈታው ይችላል። ጥያቄውን የማረሚያ ቤቱ አስተዳደር ወይም ታራሚው ራሱ ያቀርበዋል። «ሊፈታው ይችላል» ነው እንጂ «ይፈታዋል» አይደለም፤ አንተም ስትነግረው ይህችን ልዩነት አትዋጣት። በክፍሎቹ ውስጥ ብዙዎች አመክሮን፣ ይቅርታንና ምሕረትን አንድ አድርገው ያወራሉ። አመክሮ የፍርድ ቤት ነው፤ ይቅርታ ለተፈረደበት ሰው ቅጣቱን አስፈጻሚው አካል ሲቀንስለት ወይም ሲያስቀርለት ነው፤ ምሕረት ደግሞ በሕግ ይሰጣል፤ ወንጀሉንም እንዳልነበረ ያደርገዋል። የመስከረም ወር ሲቃረብ የሚናፈሰውን የይቅርታ ወሬ ይዘህ አትግባ። ወሬው ሳይፈጸም ሲቀር፣ የወሬው ባለቤት ሳይሆን ያመጣው ሰው ነው የሚወቀሰው፤ ያ ሌሊት በክፍሉ ውስጥ እንዴት እንደሚያድር ደግሞ አንተ አታየውም።

ለቀረው፣ ሩቅ መሄድ አያስፈልግህም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ የታራሚውን ጉዳይ ለእነርሱ አድርስ እንጂ ማመልከቻውን አንተ አትጻፍ። አንድ ያልተስተካከለ ማመልከቻ ወራት ያዘገያል። አንተ ፊደሉን አስተምረው። ስሙን ራሱ ጽፎ የፈረመበትን የመጀመሪያ ወረቀት ለሚስቱ በሕጋዊው መንገድ ይልካል፤ ከታጠፈው ወረቀት ይልቅ ያ ደስ ይላታል።

ጥያቄ፦ «ወንድማችን ነፍስ አጥፍቶ ዘጠኝ ዓመት ተፈርዶበት ነበር። ስድስቱን ጨርሷል፤ በአመክሮ በመስከረም ይፈታል ብለን እንጠብቃለን። ደስታችን ግን ሙሉ አይደለም፤ የሟች ወገኖች እዚያው ገጠር ናቸው። እንዴት እንቀበለው?»

መልስ፦ አስቀድሞ ስለ ቤቱ። ወንድሜ የተፈታ ሰሞን ማታ 12 ሰዓት ሲሆን ከተቀመጠበት ይነሣና በሩ አጠገብ ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር። ግራ ገባን። በኋላ እንደ ተረዳነው የቆጠራ ሰዓት ነው፤ እግሩ ከልምዱ አልተፈታም። እናታችን ምንም ሳትናገር አጠገቡ ሄዳ በጣቷ ደረቱን ነካ ታደርገውና «አንድ» ትለዋለች፤ እርሱም ይቀመጣል። ይህ እስከ ኅዳር ድረስ ቆየ። የእናንተ ወንድም ሌላ ነገር ያመጣ ይሆናል፤ ዳቦ ትራስ ሥር መደበቅ፣ መብራት ካልበራ አለመተኛት፣ ከሰው ጋር ከመብላት መሸሽ። እንግዳ ጠርታችሁ ድግስ ከመደገሳችሁ በፊት ጥቂት ሳምንት ጸጥ ያለ ቤት ስጡት።

ስለ ደሙ ግን መስከረምን አትጠብቁ። ፍርድ ቤቱ የፈረደው ለመንግሥት ነው፤ በሟች ቤት ያለው ኀዘን በስድስት ዓመት እስር አይዘጋም። የመንግሥት ቅጣት ዕርቅን እንደማይተካ ሁሉ፣ ዕርቅም ቅጣትን አይተካም። እናንተ ቤተሰቡ በቀጥታ አትሂዱ። በሁለቱም ወገን የሚከበሩ ሽማግሌዎችና የደብሩ ካህናት መስቀል ይዘው ይሂዱ፤ የመጀመሪያው ቀን «አንሰማም» ተብለው ቢመለሱ የወጉ ነውና ደግመው ይሂዱ። ካሳው በሽማግሌ ተቆርጦ ደሙ እስኪደርቅ ድረስ ወንድማችሁ የሟች ወገን ከሚውልበት ገበያና ከሚሳለምበት ቤተ ክርስቲያን ይራቅ፤ ከተማ ዘመድ ካላችሁም እዚያው ይረፍ። የካሳው ውል በጽሑፍ ይሁን፤ ለአመክሮውም ጉዳቱን ለመካስ መጣሩን ያስረዳለታል።

ደብዳቤዎን የጻፉት በሰኔ መጀመሪያ ነው። ወንዙ ሞልቶ መንገዱ ሳይዘጋ ሽማግሌዎቹ በዚሁ ሳምንት ቢነሡ ጥሩ ነው።